የእጅ መገናኛ ሬዲዮና ጂፒኤስ በአንድ መሣሪያ፦ አሠራሩ፣ አገልግሎቱና ሕጋዊ ገደቡ

የስልክ አገልግሎት በማይደርስባቸው ተራሮች፣ ደኖችና በረሃዎች ለሥራም ሆነ ለጉብኝት የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይሻሉ። አንደኛው ከጉዞ ጓደኞቻቸው ጋር መነጋገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ያሉበትን ቦታ በትክክል ማወቅ ነው። እነዚህን አገልግሎቶች ለብዙ ዓመታት ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሲሰጡ ቆይተዋል። ከእ.ኤ.አ. 2002 ወዲህ ግን የእጅ መገናኛ ሬዲዮንና በሳተላይት የሚሠራውን ቦታ ጠቋሚ፣ በተለምዶ ጂፒኤስ የሚባለውን፣ ያጣመሩ መሣሪያዎች ለተጓዦች በስፋት መቅረብ ጀምረዋል።

የመሣሪያው ዋነኛ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ተጓዥ ከጓደኞቹ ሲለይ፣ ሲጎዳ ወይም መንገድ ሲስት ነው። በተራ ሬዲዮ የሚነጋገር ሰው «ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነኝ» ከማለት የተሻለ መግለጫ ላይኖረው ይችላል። ጂፒኤስ ብቻ የያዘ ሰው ደግሞ ያለበትን ቦታ ራሱ ቢያውቅም ለሌላው የሚያሳውቅበት መንገድ የለውም። ሁለቱ ሲጣመሩ ፈላጊዎች አካባቢውን በሙሉ ማሰስ ሳያስፈልጋቸው ወደ ተጎጂው በቀጥታ ማምራት ይችላሉ።

በሌላ በኩል መሣሪያው የሬዲዮ ሞገድ የሚያሠራጭ በመሆኑ በየአገሩ የፍሪኩዌንሲ ሕግ ይገዛል። በአንድ አገር ከሱቅ ተገዝቶ ወዲያውኑ አገልግሎት ላይ የሚውል መሣሪያ በሌላ አገር ያለ ፈቃድ ሊያዝ የማይችል ሊሆን ይችላል። ስለሆነም መሣሪያውን ለመግዛት፣ ለማስገባት ወይም ለመፍቀድ የሚወስን አካል አሠራሩንና ሕጋዊ ገደቡን አብሮ ማወቅ ይኖርበታል።

የሬዲዮው አመጣጥ

በእጅ የሚያዝ የመገናኛ ሬዲዮ በስፋት አገልግሎት ላይ የዋለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በኋላ ሞቶሮላ የሚለውን ስያሜ የያዘው የአሜሪካ ኩባንያ ለአገሪቱ ጦር በእጅ የሚያዝና በጀርባ የሚታዘል ሬዲዮ አቅርቦ ነበር። «ዎኪ ቶኪ» የሚለው ስያሜ ለሚታዘለው ሬዲዮ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ በእጅ የሚያዙት ሁሉ የሚጠሩበት የወል ስም ሆኗል።

ይህ ዓይነቱ ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት፣ በአቪዬሽንና በትላልቅ ድርጅቶች እጅ ቆይቷል። ለተራው ተጓዥ ይበልጥ በስፋት የቀረበው የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 «የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት» የተባለውን ካቋቋመ በኋላ ነው። አገልግሎቱ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ አካባቢ 14 ቻናሎች የተመደቡለት ሲሆን፣ የማሠራጨት ኃይሉ በግማሽ ዋት ተገድቦ ማንኛውም ሰው ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምበት ተደርጓል። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለው ደንብ የቻናሎቹን ቁጥር ወደ 22 ከፍ ያደረገ ሲሆን፣ በ15ቱ ቻናሎች ላይ እስከ ሁለት ዋት ኃይል እንዲውል ፈቅዷል።

የጂፒኤስ አመጣጥ

ጂፒኤስ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደራዊ ዓላማ ያቋቋመው ሥርዓት ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀች ሲሆን፣ ሥርዓቱ በ24 ሳተላይቶች ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው በ1995 ነው። ሥርዓቱ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንዲሆን የአሜሪካ መንግሥት ያስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል የገባ የደቡብ ኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነበር።

ይሁንና ለሲቪሎች የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ በግንቦት ወር 2000 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእጅ የሚያዝ ተራ ጂፒኤስ ክፍት በሆነ ሰማይ ሥር ቦታን በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ማመልከት ችሏል። የተጎዳን ሰው በጨለማ ወይም በጉም ውስጥ ለሚፈልግ ቡድን የ100 ሜትርና የ10 ሜትር ስሕተት ልዩነት ከፍተኛ ነው። ለተጓዦች የሚሆኑ የጥምር መሣሪያዎች ተፈላጊነት ያደገውም ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ጂፒኤስ ብቸኛው ሥርዓት አይደለም። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ሲሆን፣ አዳዲስ መሣሪያዎች የተለያዩ ሥርዓቶችን ምልክት በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ።

የጥምር መሣሪያው መምጣት

ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የሚገኘው ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ1989 በጋሪ ቡሬልና በሚን ካኦ የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፣ ስያሜውም ከሁለቱ መሥራቾች ስም የተወሰደ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሪኖ» የተባሉትን የመጀመሪያ የጥምር መሣሪያዎች ለገበያ አቅርቧል።

መሣሪያው ከመፈቀዱ በፊት የሕግ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት የተቋቋመው ለድምፅ ንግግር ሲሆን፣ አዲሱ መሣሪያ ግን ከድምፅ በተጨማሪ የቦታ መረጃን በዲጂታል መልክ ያስተላልፋል። ኮሚሽኑ በመጀመሪያ ለኩባንያው በልዩ ሁኔታ ከፈቀደ በኋላ ደንቡን አሻሽሏል። ቻናሎቹ በመረጃ ልውውጥ ተጨናንቀው የድምፅ ተጠቃሚዎች እንዳይቸገሩ ሲባልም እያንዳንዱ የመረጃ ስርጭት ከአንድ ሰከንድ እንዳይበልጥና በ30 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይላክ ተወስኗል። መሣሪያው ከሌላ መሣሪያ ለሚመጣለት የቦታ ጥያቄ በራሱ ለሚሰጠው መልስ ግን ልዩ ሁኔታ ተደርጓል።

አሠራሩ

ጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ በ20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዷ ሳተላይት ያለችበትን ቦታና ምልክቱ የተላከበትን ሰዓት ያለማቋረጥ ታሠራጫለች። ምልክቱ ምድር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። መሣሪያው ይህንን ጊዜ በመለካት ከሳተላይቷ ያለውን ርቀት ያሰላል። በዚህ ስሌት የሰዓት ስሕተት ከባድ ውጤት አለው። የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት የ300 ሜትር የርቀት ስሕተት ያስከትላል። በእጅ መሣሪያ ውስጥ ያለው ሰዓት ይህን ያህል ትክክለኛ ስላልሆነ፣ ቦታንና ከፍታን ለማወቅ ከሦስት ሳተላይቶች በተጨማሪ የሰዓቱን ስሕተት ለማረም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል።

በዚህ ረገድ በብዙዎች ዘንድ የሚታይ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ጂፒኤስ የሚቀበል እንጂ የሚልክ ሥርዓት አይደለም። ሳተላይቷ መሣሪያውን ማን እንደያዘና የት እንዳለ አታውቅም። ተጓዡ ያለበትን ቦታ ለሌሎች የሚያሳውቀው የሬዲዮው ክፍል ነው። ሬዲዮው ከጓደኞቹ ጋር ካልተገናኘ ጂፒኤሱ በትክክል ቢሠራም እርዳታ ሊጠራ አይችልም።

ተጠቃሚው የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ተናግሮ ሲለቅ መሣሪያው ከድምፁ ጋር የቦታውን መረጃ በአጭር ምልክት ይልካል። ተመሳሳይ መሣሪያ የያዙ የቡድኑ አባላትም የተናጋሪውን ስም፣ አቅጣጫና ርቀት በስክሪናቸው ላይ ያያሉ። ድምፁን ማንኛውም በዚያው ቻናል ላይ ያለ ሬዲዮ ሊሰማው ሲችል፣ የቦታው መረጃ ግን የሚነበበው ተመሳሳይ አሠራር ባላቸው መሣሪያዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ቡድኑ የተለያየ ኩባንያ ምርቶችን ቀላቅሎ ከያዘ ጥቅሙ ወደ ተራ ሬዲዮነት ይወርዳል።

አምራቾች «የምስጢር ኮድ» የሚሉት አገልግሎትም ሌሎች እንዳይሰሙ አያደርግም። ኮዱ የሚያደርገው በዚያው ቻናል ላይ ያሉ ሌሎች ሰዎች ንግግር የተጠቃሚውን ጆሮ እንዳይረብሽ ማጥፋት ብቻ ነው። በመሆኑም የጥበቃ ወይም ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ የመንግሥት ሥራ በእነዚህ ቻናሎች ሊከናወን አይገባም።

የርቀት ጉዳይ

በመሣሪያው ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ርቀት የሚገኘው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል ምንም ጋራጅ በሌለበት ሁኔታ ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙበት ሞገድ በአመዛኙ ቀጥታ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራን አልፎ ወይም የምድርን ጉብታ ተከትሎ ብዙ አይሄድም። ሜዳ ላይ በቆሙ ሁለት ሰዎች መካከል የምድር ክብነት ራሱ የሚያስቀምጠው ወሰን በአማካይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደን ወይም በሕንፃዎች መካከል ደግሞ ርቀቱ ወደ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ሊወርድ ይችላል።

የኃይል መጨመር ችግሩን በከፊል ብቻ ያቃልላል። ኃይሉ ከግማሽ ዋት ወደ አምስት ዋት አሥር እጥፍ ቢያድግ፣ ርቀቱ ምንም ጋራጅ በሌለበት እንኳ የሚጨምረው በሦስት እጥፍ ገደማ ነው። በመካከል ተራራ ካለ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከሥሩ ከሚታየው ቆላ ብዙ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከሚገኝ ጓደኛው ጋር በጥሩ ሁኔታ ሊነጋገር ይችላል። በአንጻሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ከጉብታው ጀርባ ካለ ሰው ጋር ጭራሹኑ ላይገናኝ ይችላል። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የሚታየው ሰማይ ስለሚያንስ የጂፒኤሱም ትክክለኛነት ይቀንሳል። ስለሆነም የጠፋ ወይም የተጎዳ ሰው አቅሙ ከፈቀደ፣ ከፍ ወዳለና ገላጣ ወደሆነ ቦታ ወጥቶ መሞከሩ ይመከራል።

ቦታን በትክክል ስለመግለጽ

የቦታ መረጃ በመሣሪያው በኩል ካልተላለፈ ቁጥሩን በቃል ማስተላለፍ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ የአጻጻፍ ልዩነት ነው። ለምሳሌ 13 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 13.5 ዲግሪ ነው። ተቀባዩ 13.30 ብሎ ከመዘገበው የ0.2 ዲግሪ ስሕተት ይፈጠራል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ የፍለጋ ቡድኑ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

ሁለተኛው ችግር የካርታው መነሻ ነው። ጂፒኤስ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ መለኪያ ይጠቀማል። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያዘጋጃቸው የ1፡50,000 ካርታዎች ግን አዲንዳን በተባለው፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ የቅየሳ ነጥብ ስያሜውን ባገኘ መለኪያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በካርታው መስመሮች ላይ 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መሣሪያው በእጅ ካለው ካርታ ጋር ካልተስማማ ይህ ርቀት ገደልን ከሜዳ፣ አንዱን የወንዝ ዳርቻም ከሌላው ሊያምታታ ይችላል። በአብዛኛዎቹ መሣሪያዎች ላይ መለኪያውን ከማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ መምረጥ ይቻላል።

ሦስተኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። መሣሪያው ሰዓቱን ከሳተላይት ስለሚወስድ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ያሳያል። በኢትዮጵያ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በመሣሪያው ላይ 12 ሰዓት ሆኖ ይነበባል። የመገናኛ ሰዓት ሲወሰን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ አንዱ ወገን ሌላውን በከንቱ ሲጠብቅ ስድስት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

ሕጋዊ ገደቡ

የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ውስን የሕዝብ ሀብት በመሆኑ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አማካይነት ለአገሮች በክልል ተከፋፍሎ ይመደባል። የአሜሪካ አህጉር በሁለተኛው ክልል የሚገኝ ሲሆን፣ አፍሪካና አውሮፓ በአንደኛው ክልል ውስጥ ናቸው። በአንዱ ክልል ለመዝናኛ የተለቀቀ ሞገድ በሌላው ለፖሊስ፣ ለአምቡላንስ ወይም ለሌላ አገልግሎት የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ የቤተሰብ ሬዲዮ ቻናሎች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ከፍ ያለ ኃይል ላለው «ጠቅላላ የተንቀሳቃሽ ሬዲዮ አገልግሎት» ግን ፈቃድ ይጠየቃል። የፈቃዱ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ለአሥር ዓመት 35 ዶላር ሲሆን፣ የባለፈቃዱን የቅርብ ቤተሰብም ያካትታል። በአውሮፓ ለተመሳሳይ ዓላማ የተመደበው በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚገኝ ሌላ ሞገድ ሲሆን፣ ኃይሉ በግማሽ ዋት የተገደበ ነው። በመሆኑም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሣሪያ በአውሮፓ በሕጋዊ መንገድ ሊያሠራጭ አይችልም።

በኢትዮጵያ የፍሪኩዌንሲ አስተዳደር በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ነው። የመገናኛ ሬዲዮ ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀም ከሚመለከተው አካል አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ለዘመድ ስጦታ ወይም ለራሱ ጉዞ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ «ጂፒኤስ ነው» ብሎ ማስመዝገቡ በቂ አይሆንም፤ ዕቃው በውስጡ የሬዲዮ ማሠራጫ አለውና። ለጉምሩክ ሠራተኛም ዋናው መለያ አንቴናው ሳይሆን የመነጋገሪያ ቁልፉና በዕቃው ላይ የተጻፈው የማሠራጫ ፍሪኩዌንሲ ነው። በዕርዳታ ወይም በፕሮጀክት በኩል ለሚገዙ መሣሪያዎችም ግዥው ከመፈጸሙ በፊት የተፈቀደው ፍሪኩዌንሲ መታወቅ ይገባዋል። ከግዥ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ቢከለከል የመንግሥት ገንዘብ በመጋዘን ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ሌሎች አማራጮች

የጥምር መሣሪያው የሚያገናኘው በቅርብ ያሉ የቡድን አባላትን ነው። መላው ቡድን አደጋ ላይ ከወደቀ የሚሰማው ላይኖር ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የሚያገለግሉት በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የግል የአደጋ ጊዜ ጠቋሚዎች ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ኮስፓስ ሳርሳት በተባለው፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በፈረንሳይና በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ትብብር በተመሠረተውና እ.ኤ.አ. በ1982 ሰው ማዳን በጀመረው የሳተላይት ሥርዓት አማካይነት ጥሪውን ለነፍስ አድን ማዕከላት ያደርሳሉ። ከዚህ ሌላ ኢሪዲየምን በመሳሰሉ የመገናኛ ሳተላይቶች አጭር መልእክት የሚለዋወጡ የእጅ መሣሪያዎች ያሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ አንዳንድ ስልኮችም በተወሰኑ አገሮች በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ማስተላለፍ ጀምረዋል። እነዚህም እንደ ሬዲዮው ሁሉ በየአገሩ ሕግ የሚገደቡ ናቸው። በሕንድ ለምሳሌ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ያስቀጣል።

ከስምሪት በፊት

ሠራተኞቹን ወይም እንግዶቹን ስልክ ወደማይደርስበት አካባቢ የሚልክ መሥሪያ ቤት ከመነሻው በፊት ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች ጥቂት ናቸው። እነዚህም፦

- መሣሪያው በአገሪቱ በተፈቀደ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራና ፈቃድ ያለው መሆኑ፤

- የቡድኑ አባላት ሁሉ ተመሳሳይ መሣሪያ፣ አንድ ቻናልና አንድ ኮድ መያዛቸው፤

- የካርታው መለኪያና የቦታ አጻጻፉ በሁሉም መሣሪያዎችና በመሥሪያ ቤቱ ካርታ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ፤

- የመገናኛ ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ተጽፎ መሰጠቱና ጥሪ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ መወሰኑ፤

- ትርፍ ባትሪ መኖሩና በከፍታ ቦታ ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም ሌሊት ከሰውነት ተጠግቶ እንዲያድር መደረጉ፤

- ወረቀት ካርታና ኮምፓስ መያዙ፤ እንዲሁም

- መንገዱንና የመመለሻውን ቀን የሚያውቅ ተጠሪ በመሥሪያ ቤት መቅረቱ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው። መሣሪያው ቢበላሽ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ሸለቆው ሞገዱን ቢጋርድ እንኳ፣ ቡድኑ በቀጠሮው ቀን አለመመለሱን አውቆ ፍለጋ የሚያስጀምር ሰው ይኖራል። በተራሮች አካባቢ ከጎብኚዎች ጋር የሚጓዙ ስካውቶችና አስጎብኚዎች ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃውና ስለ አየሩ ጠባይ ያላቸው ዕውቀትም በመሣሪያ የሚተካ አይደለም። የእጅ ሬዲዮና ጂፒኤስ መጣመር ፍለጋን የሚያሳጥረው ይህ ዝግጅት አስቀድሞ ሲጠናቀቅና መሣሪያው በሕግ በተፈቀደለት ሞገድ ሲሠራ ነው።